አንድ ቀለበት፣ ሁለት ሌንስ

እኛ ሦስት ነን፤ ካሜራችን ግን አንድ ነው። «እኛ» እያልን የምንጽፈው እንደ ንጉሥ ቃጥቶን እንዳይመስላችሁ። ገንዘብ አዋጥተን አንድ ያገለገለ ሶኒ አልፋ 6000 ከገዛን ወዲህ ፎቶውም ኩርፊያውም የጋራ ሆኖ ቀረ። ካሜራው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ነው፤ ለእኛ ይበቃናል። ያልበቃን ሌንሱ ነው። አብሮት የመጣው ዙም መሸት ሲል ዳፍንት ይይዘዋል። አዲስ እንግዛ ብንል የደሞዛችን ነገር… እዚያ ውስጥ ባንገባ ይሻላል።

እናላችሁ፣ ሰሞኑን ሁለት ሌንስ ከቁም ሳጥን ወጣልን። የከሦስታችን የአንዱ አባት (ነፍሳቸውን ይማርና ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው) በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ተልከው የተማሩ ናቸው። ሲመለሱ ወፍራም ካፖርት፣ መጽሐፍና ካሜራ ይዘው መጡ። የእሳቸው ካሜራ ግን ሁለት ነበር። አንዱ ዜኒት-ኢ ነው፤ ፊቱ ላይ የ1980 የሞስኮ ኦሊምፒክ ቀለበቶች ታትመውበታል፤ ምሩፅ ይፍጠር 5,000ውንም 10,000ውንም ሜትር ያሸነፈበት ኦሊምፒክ መሆኑ ነው። ሌላው ዞርኪ-4 ነው፤ ጋሼ እዚያ በደረሱ ጊዜ ምርቱ ቆሞ ስለነበር ያገለገለ ገዝተው ነው ያመጡት። ዜኒቱ ላይ ሄሊዮስ 58 ሚሊ ሜትር፣ ዞርኪው ላይ ጁፒተር 50 ሚሊ ሜትር ተገጥሟል።

ቁም ሳጥኑን ያራገፉት እናትየው ናቸው። ልጃቸው ጋ ሜሪላንድ ሊሄዱ ሦስት ሳምንት ቀርቷቸዋል። ሊወስዳቸው የምትመጣዋ እህቱ «አዳፕተር ይዘሽልን ነይ» ብንላት «አንድ ብቻ! ሻንጣዬ የሰው ዕቃ ማመላለሻ አይደለም» አለችን። አንድ አዳፕተር ስንት ግራም ይመዝናል ትሉ ይሆናል። ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ሻንጣ በግራም ሳይሆን በይሉኝታ ነው የሚሞላው፤ ዝም አልን። የተረፈውን ካሜራ ሸጠን ወጪውን ልንሸፍን ተስማማን። ግን የትኛው ይተርፋል?

ለምን ሁለቱ ሌንሶች በአንድ አዳፕተር እንደማይገቡ እንንገራችሁ። ዜኒት ኤስኤልአር ነው፤ ሆዱ ውስጥ መስታወት አለ። በሌንሱ የገባውን ብርሃን መስታወቱ ወደ ዓይናችሁ ይመልሰዋል፤ ቁልፉን ስትጫኑ ብድግ ብሎ ለፊልሙ መንገድ ይለቅለታል። ብድግ የሚልበት ቦታ ስለሚያስፈልገው፣ ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ፊልሙ 45.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ተትቷል። ዞርኪ ደግሞ ሬንጅፋይንደር ነው። መስታወት የለውም። የምታዩት በሌንሱ ሳይሆን ከላዩ ባለች ትንሽ መስኮት ነው፤ በመስኮቷ ውስጥ ሁለት ሆኖ የሚታየውን ምስል አንድ ላይ ስታጋጥሙት ፎከስ ሆነ ማለት ነው። እዚህ ከመቀመጫው እስከ ፊልሙ 28.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የእኛ ሶኒ፣ ሚረርለስ ስለሆነ፣ 18 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። አዳፕተር ማለት እንግዲህ ልዩነቱን የሚሞላ ባዶ የብረት ቀለበት ነው፤ ለጁፒተሩ 11 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ለሄሊዮሱ 27 ተኩል ገደማ። ጁፒተሩ ካሜራው ላይ ልጥፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ሄሊዮሱ ከነቀለበቱ እንደ ጆግ ወደ ፊት ይወጣል።

(ከገበያ የምትገዙ ተጠንቀቁ፦ የድሮዎቹ ዜኒቶች ሌንስ ጥርስ ከዞርኪው ጋር አንድ ዓይነት 39 ሚሊ ሜትር ነው፤ ርቀቱ ግን ሌላ ነው። ይገጥማል፣ ይጠብቃል፣ ፎቶው ግን ጭጋግ ይሆናል። ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ በስልክ መብራት ከኋላ አብርታችሁ እዩት፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ከታያችሁ ሻጋታ ነው፤ ተዉት።)

ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። የሟቹ ልጅ የዞርኪው ወገን ሆነ። «ጁፒተር 130 ግራም ነው፤ ኪስ ይገባል፤ መንገድ ላይ ሰው አያስደነግጥም» ይላል። የዜኒቱ ወገኖች «ቢሆንም ሄሊዮስ ይቀርባል» አልን። በምስል ጥራት እንዳንለያይ ሁለቱም የአንድ ፋብሪካ ልጆች ናቸው፤ ሞስኮ አጠገብ ካለችው ክራስኖጎርስክ የወጡ። አባታቸውም አንድ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሶቭየቶች ከጀርመኑ ዛይስ የወሰዱት ዕውቀት ነው፤ ሄሊዮስ ከባዮታር፣ ጁፒተር ከዞናር ተቀዱ።

ሰፊ ሌንስ ብንፈልግ ኖሮ ክርክሩ ቶሎ ያልቅ ነበር። 35 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ያሉ የሬንጅፋይንደር ሌንሶች የኋላ መስታወታቸው ወደ ፊልሙ በጣም የተጠጋ በመሆኑ ብርሃኑ ጥግ ላይ ሲደርስ አግድም ይመታል። ፊልም ይችለው ነበር። ሴንሰር ግን ፊቱ ላይ መስታወት አለበት፤ ጥጉ ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም ሮዝ ቀለም ይነካዋል። የኤስኤልአር ሰፊ ሌንስ በዚያ ብድግ በሚል መስታወት ምክንያት ራቅ ብሎ እንዲሠራ ስለተገደደ ብርሃኑን ቀና አድርጎ ይልካል። 50 አካባቢ ግን ይህ ጣጣ የለም፤ ስለዚህ ጠባችን ቀጠለ።

የዞርኪው ወገን ለማስረጃ ብሎ የአባቱን አልበሞች ይዞ መጣ። ጋሼ ሁሉንም ያነሱት በዞርኪው ነው። ለምን እንደሆነ እናትየውን ብንጠይቅ «ዜኒቱ ሲያነሳ በር የተወረወረ ነው የሚመስለው፤ ይሄ ልጅ ያለቅስ ነበር» አሉን። አልበሙን ስናገላብጥ ልደት አለ፣ ጥምቀት አለ፣ ሶደሬ አለ፣ የሰፈሩ ዕድር አለ። ትንሽ ቆይተን አንድ ነገር ገባን። አንድም ቅርብ ፊት የለም። እናትየው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከወገባቸው በላይ፣ ከቡና ረከቦት ኋላ፣ ከልጆች መሐል ናቸው። ማንም ከአንድ ሜትር ቀርቦ አላነሳቸውም።

ምክንያቱ ጋሼ አይደሉም። ጁፒተር ከ1 ሜትር ወዲህ አይዞርም። የዞርኪው መስኮት ከሌንሱ ጎን ስለሆነ፣ በጣም ስትጠጉ መስኮቷ የምታየውና ሌንሱ የሚያየው ይለያያል፤ የሌንሱም ጥርስ ለመስኮቷ ስሌት ተብሎ እዚያ ላይ ይቆማል። ሄሊዮስ ግን ያያችሁትን በራሱ ስለሚያሳያችሁ እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይቀርባል። የሚገርመው፣ ጁፒተሩን ሶኒ ላይ ስትገጥሙት መስኮቷ የለችም፤ በሌንሱ ነው የምታዩት፤ ሰበቡ ጠፍቶ ክልከላው ቀርቷል። (ጥርሱን ወደ ፊት የሚያራዝሙ አዳፕተሮች አሉ፤ በእነሱ ጁፒተርም ይጠጋል። ዋጋቸው ግን ከተራው ቀለበት ይበልጣል፤ ለእኛ ደግሞ የተፈቀደችልን ቀለበት አንድ ናት።)

የሟቹ ልጅ አልበሙን ዘጋና «የሄሊዮሱን በሏት» አለ። ሌላ አልተናገረም። አሸነፍን፤ ግን ደስ አላለንም።

ቀለበቱ ሲመጣ እናትየው ሊሄዱ ስድስት ቀን ቀርቷቸው ነበር። ገጠምነው፤ ካሜራው ሌንስ የለም ብሎ ቁልፉን እንቢ አለ። ግማሽ ቀን ተሰቃይተን ሜኑ ውስጥ ያለ ሌንስ ማንሳትን የሚፈቅድ መስመር አገኘን። (የእናንተም እንቢ ካለ ቀለበቱን አትራገሙ፤ እሱን ፈልጉ።) ሄሊዮስ ከኋላ ያለውን ቅጠል እንደ አዙሪት ያሽከረክራል ተብሎ የሚወራለትንም ሞከርነው፤ ብዙም አልዞረልንም። አዙሪቱ ያለው ጠርዝ ላይ ነው፤ የእኛ ሴንሰር ደግሞ ትንሽ ስለሆነ ጠርዙን ይቆርጠዋል።

እሑድ ቡና ተፈላ። ልጃቸው ካሜራውን ይዞ ተንበረከከ፤ 50 ሴንቲ ሜትር ማለት በክንድና በፊት መሐል ነው። «ምነው? ልትስመኝ ነው እንዴ?» አሉ። ሳቅን። ቀጥለው «አባትህ እንኳ እንዲህ ተጠግቶ አንስቶኝ አያውቅም» አሉ፤ ይሄኔ የሳቀ የለም።

በዚያ ርቀት፣ ሌንሱ ሙሉ ተከፍቶ፣ ጥርት የሚለው ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው። ጠርዙን በቀለም የሚያሳየው የካሜራው ምልክት ይዋሻል፤ ምስሉን አጉልቶ ማየት ያስፈልጋል፤ እስከዚያ ድረስ እሳቸው ሲኒ ለማንሳት ይዘነበላሉ። ከ60 ምናምን ፎቶ የዳነው አራት ነው። አንዱ ላይ የግራ ዓይናቸው ሽፋሽፍት ይቆጠራል፤ ቀኙ ጭጋግ ውስጥ ነው። አሳየናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። «አርጅቻለሁ ለካ» አሉ፤ ካሜራውን መለሱልን።

ልጁ ፊቱ ጠቆረ። አንዳችን ለማስቀየስ ብለን ቀጣዩን ገፋንላቸው፤ ሳናስበው የተነሳ ነው፤ እጃቸው ጀበናውን ይዞ፣ ቀለበታቸውና የጣታቸው መስመር ብቻ ጥርት ብሎ። «ይቺን አጥቡልኝ» አሉ። ማክሰኞ አሳጥበን ሰጠናቸው፤ ፓስፖርታቸው ውስጥ ከተቷት።

አሁን ሜሪላንድ ናቸው። ባለፈው እሑድ ሲደውሉ ካሜራውን ሸጣችሁት ወይ ብለው ጠየቁ። ገና ነው አልናቸው። «ያቺን ትንሿን እንዳትሸጡ፤ እሱ የሚይዘው እሷን ነበር» አሉ። ልጃቸው እሺ አለ። እህቱ በገና ስትመጣ የጁፒተሩን ቀለበት ይዛ እንድትመጣ እየለመንናት ነው፤ ዜኒቱን ሊገዛ የመጣውን ሰውዬ ደግሞ ሄሊዮሱን ነቅለን ባዶ ካሜራ ብናሳየው ተቆጥቶ ሄደ።