ቆሮሶ ልጆቿን የት ትደብቃለች?

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በጳጉሜ፣ ከአሊዩ አምባ ተነሣን። ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድን። ከዚያ በአውቶቡስ አጣዬን፣ ከሚሴን፣ ኮምቦልቻንና ደሴን አለፍን። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን ሐይቅ ከተማ ደረስን። አጠገቧ ሰፊ ውሃ ተኝቷል። የውሃውም ስም ሐይቅ ነው።

ትል ሰክተን በመንጠቆ ሞከርን፤ አንድም አልያዝንም። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መረብ ሲስቡ አየንና አገዝናቸው። መዳፍ የምታህል ቆሮሶ ወጣች። ወዲያው ከአፏ ጥቃቅን ዓሦች ፈሰሱ።

«ውይ! ልጆቿን በልታለች!» አልን።

ሽማግሌው ሳቁ። «አልበላችም ልጆቼ። እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ልጆቿም ጠላት ሲመጣ አፏ ውስጥ ይገባሉ።»

ይህን ብለው ከነልጆቿ ወደ ውሃው መለሷት።

«ምነው አባባ፣ ለወጥ ትሆን ነበር!»

«የዘር እህል ይፈጫል እንዴ?» አሉን።

ቆሮሶ በዚህ ሐይቅ ድሮ አልነበረችም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሰው አምጥቶ ጨመራት። ተራባች፤ ለብዙ ሰው እንጀራ ሆነች። ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ግን ትልቁንም ትንሹንም ይጠርጋል። በአገራችን አንዳንድ ወንዞች ደግሞ ብርብራ ወቅጠው የሚጨምሩ አሉ። ብርብራ እናትና ልጅ አይለይም። ዛሬ አንድ ቅርጫት ዓሣ ይገኛል፤ ነገ ወንዙ ባዶ ይሆናል።

ወደ ይፋት ስንመለስ ወንዝ ዳር መንጠቆ የያዙ ልጆች አገኘን። ያየነውን ነገርናቸው። እናንተም ይህን ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው።