ስድስት መቶ ዲግሪ በመቱ ዝናብ

መቱ የገባነው በሐምሌ ነው። ከአዲስ አበባ በጅማና በበደሌ አድርጎ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የማሞቂያ ማሽኑን አይሱዙ ላይ ጭነን ሸራ አልብሰነዋል፤ ዝናቡም ከበደሌ ወዲህ አልተለየንም። ያዩን ስናልፍ ሾፌሩ በ2004 ዓ.ም. ተጀምሮ ወደቆመው የማዳበሪያ ፋብሪካ አቅጣጫ በእጁ አሳየኝ። የተበየደ ብረት እያሞቅን ውጥረቱን ለምናወጣ ለእኛ ያ ፋብሪካ ትልቅ ተስፋ ነበር። ከድንጋይ ከሰል ዩሪያ ለመሥራት መጀመሪያ አሞኒያ ይመረታል። አሞኒያ ደግሞ ከብየዳ በኋላ ሞቆ ውጥረቱ ያልወጣለትን የካርቦን ብረት፣ ስስ ይሁን ወፍራም፣ ቀስ በቀስ ሊሰነጥቅ ይችላል። ስለዚህ የአሞኒያ ታንከር ውስጥ 0.2 በመቶ ያህል ውኃ ይጨመራል፤ ለብረቱ መከላከያ ነው። በያዩ ይህን ሁሉ የምናይበት ቀን አልመጣም። በመንገዱ ዳርና ዳር ያለው በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው የቡና ደን ብቻ ነው።

የተጠራነው ለአንድ ማቀነባበሪያ ቦይለር ነው። ቦይለሩ ከሌላ ቦታ ተነቅሎ የመጣ ነው፤ እንፋሎቱ የሚሰበሰብበት ሄደር ግድግዳው 25 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፣ ለዚያ ሥራ ከሚበቃው በላይ። ብየዳው ላይ ስንጥቅ ተገኝቶ ነበርና ክፉው ተቆርጦ ወጣ፣ አዲስ ቁራጭ ገባ፣ ዙሪያውንም የመቱ ልጅ የሆኑ አንድ አዛውንት በያጅ በየዱት። ኤክስሬዩን አልፏል። እጃቸው የተባረከ ነው።

ታዲያ “አሁን ደግሞ እናሞቀዋለን” ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ።

“ልጄ፣ አልፏል አላልክም? ያለፈን ነገር ምን ይቆሰቁሱታል?”

በማግስቱ ገበያ ወሰዱኝና አንድ አንጥረኛ አሳዩኝ። ከመኪና ባሌስትራ መጥረቢያ ይሠራል። አፉን ቀይ እስኪሆን አግሎ ውኃ ውስጥ ሲነክረው ተንጫጫ፣ ከዚያ መልሶ ጥቂት ለብ አደረገው። “አየህ?” አሉኝ፤ “እሳት ብረትን ያጠነክራል። የአንተ እሳት ግን ምን ያደርጋል?” ጥያቄው ተገቢ ነበር። ባሌስትራ 0.6 በመቶ ያህል ካርቦን አለው፤ ግሎ ውኃ ሲገባ ይጠነክራል። የእኛ ቧንቧ ግን ኤስኤ-106 ቢ የሚባለው ነው፤ ካርቦኑ ከ0.30 በመቶ አያልፍም፤ የምንፈልገውም ጥንካሬ አይደለም። የተበየደው ቦታ ሲቀዘቅዝ መኮማተር ይፈልጋል፤ ዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ብረት ግን አንቆ ይይዘዋል። ውጥረቱ እዚያው ተቀብሮ ይቀራል፣ ዓይን አያየውም፣ ኤክስሬይም አያሳየውም። ብረቱ ወደ 600 ዲግሪ ሲደርስ ይላላል፣ የታነቀውም ይለቀቃል። እሳቸው ሰምተው “እንግዲህ እናያለን” ብለው ዝም አሉ።

የአሜሪካኖቹ ሕግ፣ አስሜ የሚባለው፣ ለግፊት ጋኖች የካርቦን ብረት ከ38 ሚሊ ሜትር በላይ ሲወፍር ማሞቁን ግዴታ ያደርጋል። ከ32 እስከ 38 ያለው፣ ከብየዳው በፊት ቢያንስ 95 ዲግሪ ሞቆ ከሆነ፣ ግዴታው ይቀርለታል። የእኛ 25 ነው፤ ግን ቦይለር የራሱ ሕግ አለው። በዚያ ላይ ሄደሩ ሲሠራ ፋብሪካው ውስጥ ሞቆ እንደወጣ መዝገቡ ላይ ተጽፏል፤ የጠገነ ሰው ደግሞ ወደነበረበት ይመልሳል። ሥራውን የሚቆጣጠረው ኢንስፔክተርም በዚህ አልተደራደረም።

ሙቀት የሚለኩትን ቴርሞካፕሎች ብየዳው ላይ አጣብቀን፣ የሚያሞቁትን ሴራሚክ ፓዶች ጠምጥመን፣ በብላንኬት ሸፈንነው። ከ425 ዲግሪ በላይ ለዚህ ውፍረት በሰዓት ከ222 ዲግሪ በላይ አይወጣም፤ ሲወርድም ከ280 አይበልጥም። 595 ሲደርስ አንድ ሰዓት ይቆያል፣ ለየ25 ሚሊው አንድ ሰዓት ነው ስሌቱ። ቻርቱ ላይ መስመሩ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ሁላችንም ወረቀቱን ብቻ ነበር የምናየው። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይደበድባል፣ አንድ ቦታ ያፈሳል፣ ከሥሩ ባልዲ ተደርጓል።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቆይታው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ፣ መብራት ጠፋ።

አንዱ ወጣት ረዳት በእጅ ባትሪ እያበራ ብላንኬቱን ገልጦ ሊያይ እጁን ሰደደ። “ተው!” ብዬ ጮኽኩ። ሽፋኑ ካልተነካ ብረቱ በራሱ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ቢገለጥና ከዚያ ቆርቆሮ የሚንጠባጠበው ቢያገኘው ግን ያወጣነውን ውጥረት መልሰን ነው የምናስገባበት። መመዝገቢያው በራሱ ባትሪ ስለሚሠራ መስመሩ ወደ ታች ሲንሸራተት እያየን ተቀመጥን። ሥራ አስኪያጁ “ከዜሮ ልትጀምሩ ነው?” አለ፤ ረዳቶቹም እንደዚያ ገምተው ተክዘዋል። ኢንስፔክተሩ የሕጉን መጽሐፍ ከፕላስቲክ አውጥቶ በባትሪ ብርሃን አነበበልን፦ የቆይታው ሰዓት ያለማቋረጥ እንዲሆን ግዴታ አይደለም፣ ተደምሮ ቢሞላ ይበቃል። ሕግ እንዲህ ሲራራ ብዙ ጊዜ አላየሁም። ደክሞት ይሆን ብዬ ደግሜ አነበብኩት፤ ተጽፏል።

መብራቱ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተመለሰ። እንደገና በልኩ አወጣነው፣ የጎደለውን ሞላነው፣ አወረድነው። ከ425 በታች ለአየሩ ተውነው። ሲነጋ የጥንካሬ መለኪያው ብየዳው ላይ ከ200 ብሪኔል በታች አሳየን፤ ከዚያ የውኃ ግፊት ተሞከረ፣ አንድም ጠብታ አልወጣም።

አዛውንቱ የቻርቱን ፎቶ በስልካቸው አነሱ። ከከረመ በኋላ ከጎሬ ደወሉልኝ፤ የአንድ ኮምፕሬሰር ጋን እየጠገኑ ነው።

“ስንት ሚሊ ነው ጋሼ?”

“12።”

“የሚይዘውም አየር ብቻ ከሆነ ማሞቅ አያስፈልገውም።”

ጥቂት ዝም አሉ። “ወይ ጉድ!” አሉኝ ከዚያ፤ “እኔ እኮ ለባለቤቱ ሳይሞቅ አልነካውም ብዬ ዋጋ ጨምሬበታለሁ።”