የነፍሰ ጡር መታጠቂያ

ለነፍሰ ጡርና ለአራስ የሚሠራ መታጠቂያ ሁለት አባት አለው። አንደኛው ወገቧ እንዳይዝል ያሰበ ነው፤ ሁለተኛው ሆዷ ሰው ፊት እንዳይታይ ያፈረ። ዛሬ የሁለቱም ልጆች በአንድ ሱቅ ጎን ለጎን ተሰቅለው፣ አንዳንዴም በአንድ ዓይነት ካርቶን ታሽገው ስለሚሸጡ፣ ገዢዋ የማንን ልጅ ይዛ ቤቷ እንደምትገባ ብዙ ጊዜ አታውቅም።

ቀዳሚው ደጋፊው ነው። በ2ኛው ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ የሠራው ግሪካዊ ሐኪም፣ የኤፌሶኑ ሶራኑስ፣ ወደ ታች የከበደ ሆድ በሰፊ የበፍታ ጨርቅ እንዲደገፍ መክሯል። ጃፓኖች ደግሞ በአምስተኛው ወር፣ በቀን አቆጣጠራቸው የውሻ ቀን በሚባለው ዕለት፣ ነፍሰ ጡሯን ሃራ ኦቢ የሚሉትን ረጅም ነጭ የጥጥ ጨርቅ ያስታጥቋታል። ቀኑ የተመረጠው ውሻ ምጥ አይጠናባትም ተብሎ ስለሚታመን ነው። ቶክዮ ያለው የሱይተንጉ ቤተ መቅደስ በዚህ ቀን እስከ ዛሬ በእርጉዞችና በቤተሰቦቻቸው ይጨናነቃል።

በኢትዮጵያ ሥራው የመቀነት ነው። ከጥጥ የሚሸመነው ይህ ረጅም ጨርቅ ወገብ ላይ ደጋግሞ ይጠመጠማል፤ ጫፉ ላይ ሳንቲም ይቋጠርበታል፤ እንስራ ሲታዘልና እንጨት ሲሸከሙ ወገብ ይይዛል። ከወሊድ በኋላም እናት ወይም አክስት አራሷን «ሆድሽን ጠበቅ አድርጊ፣ ብርድ እንዳይገባሽ» ብለው በመቀነት ወይም በነጠላ ያስሯታል። ብርዱ ቢቀር፣ ማሰሩ ራሱ የዋዛ አይደለም፤ ስትነሣና ስትቀመጥ ወገቧንና የላላ ሆዷን ይይዝላታል። የመቀነት ትልቁ ጥበብ ግን ብዙም የማይነገርለት ስንፍናው ነው። ላስቲክ ስለሌለው ሲውል ይላላል፤ ሲላላ እንደገና መታሰር አለበት፤ ማታ ይፈታል። ስለዚህ ሰውነት በቀን ውስጥ ደጋግሞ ይተነፍሳል፣ ጥብቀቱንም ባለቤቲቱ በእጇ ትለካዋለች።

ሁለተኛው አባት፣ ያፈረው፣ ኮርሴት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓና አሜሪካ የጨዋ ሴት እርግዝና አደባባይ የሚወጣ ነገር ስላልነበር፣ ከአሳ ነባሪ አፍ በሚወጣ ጠንካራ ዘንግና በብረት የተዋቀረ የእርጉዝ ኮርሴት ይሸጥ ነበር። ጎንና ጎኑ ሆዱ በገፋ ቁጥር የሚለቀቅ ማሰሪያ ነበረው፤ መልቀቁ ለሴትየዋ ርኅራኄ ተደርጎ ይቆጠር ነበር መሰለኝ። ኒውዮርክ ውስጥ ይህን ልማድ የነቀነቀችው ከሊትዌኒያ የመጣች ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ ናት፤ ሊና ብራያንት። አንዲት ደንበኛዋ እርጉዝም ሆና ሰው ፊት የምትቀርብበት ልብስ ብትጠይቃት፣ ወገቡ ላይ ላስቲክ የገባበትና ከታች የተሸበሸበ ቀሚስ ሰፋችላት። በ1904 የባንክ ሒሳብ ስትከፍት ስሟ በስህተት «ሌን» ተብሎ ተጻፈ፤ ሱቋም ሌን ብራያንት ሆኖ ቀረ። ጋዜጦች ግን የእርጉዝ ልብስ ማስታወቂያ ማተም ነውር መስሏቸው እምቢ አሉ። በ1911 ኒውዮርክ ሄራልድ ሲደፍር፣ ዕቃዋ በማግስቱ ተሸጦ አለቀ።

የሴቶች ቢሮ ልብስ የሆነው እስከ ወገብ የሚደርስ ስቶኪንግም ከእርጉዝ ሆድ የተወለደ ነው። ከዚያ በፊት ስቶኪንግ የሚንጠለጠለው ወገብ ላይ በሚታሰር ቀበቶ ነበር። የሰሜን ካሮላይና ሽመና ፋብሪካ ባለቤት አለን ጋንትን ነፍሰ ጡር ሚስቱ ኤቴል ቀበቶው ሆዷ ላይ አልሄድ ቢላት፣ ስቶኪንጉ ከውስጥ ሱሪ ጋር አንድ ላይ እንዲሠራ ጠየቀችው። ውጤቱ በ1959 ገበያ ላይ ዋለ። ዛሬ ለእርጉዝ የሚታዘዘው ጠበቅ ያለ የሕክምና ካልሲ ግን የሌላ ሰው ሥራ ነው። የእግሩ ደም ሥር በሽታ ያሠቃየው ጀርመን ተወላጅ መሐንዲስ ኮንራድ ጆብስት፣ ዋና ገንዳ ውስጥ ሲቆም ሕመሙ እንደሚቀልለት አስተዋለ። ውኃ ወደ ታች በጠለቀ መጠን ይጫናልና፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠንክሮ ወደ ላይ እየላላ የሚሄድ ካልሲ በ1950 ሠራ።

ደጋፊውንና ደባቂውን ያደባለቃቸው በ1958 በዱፖንት ኩባንያ ኬሚስቱ ጆሴፍ ሺቨርስ የፈጠረው ላይክራ የተባለው ክር ነው። እንደ መቀነት አይላላም፤ ጠዋት የጨመቀውን ማታም ይጨምቃል። «ቦርጭ ማጥፊያ» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው የዚህ ክር ልጅ ነው።

ታዲያ ገዢዋ የትኛውን ትምረጥ? በእርግዝና ጊዜ ሪላክሲን የሚባለው ሆርሞን የዳሌን ጅማቶች ያላላል፤ ወገብና የዳሌ መጋጠሚያ የሚያመው በከፊል ለዚህ ነው። የሚረዳው ቀበቶ ከሆድ ሥር አልፎ ዳሌ ላይ የሚያርፍ፣ ሆዱን ከታች የሚያነሣ እንጂ መሐሉን የሚቀንፍ አይደለም። ጣት በቀላሉ ሊገባበት ይገባል፤ ሲራመዱና ቆመው ሲሠሩ ይታሰራል፣ ሲተኙ ይፈታል። ትንፋሽ ካጠረ፣ ቃር ከባሰ፣ እግር ከደነዘዘ ወይም ቆዳ ላይ ጥልቅ ምልክት ከተወ ጠብቋል ማለት ነው። ጡት መያዣ ደግሞ ብረት የሌለው የጥጥ ይመረጣል፤ ወተት ሲመጣ ጡት ስለሚጨምር በእርግዝናው መጨረሻ ሳምንታት ሰፋ ያለ ቢገዛ ይሻላል። የሚጫን ጠርዝ የወተት ቱቦ ሊዘጋ ይችላል።

ከወሊድ በኋላ ግብግቡ ይበረታል። ሕፃኑ እንደተወለደ ማህፀን 1 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ በ6 ሳምንት ገደማ ወደ 60 ግራም ይወርዳል። ይህን የሚያደርገው ራሱ ነው፤ ማጥባትም ያግዘዋል፤ ቀበቶ እጁ የለበትም። መሐል ለመሐል የተለያየ የሆድ ጡንቻንም ቀበቶ አይገጥመውም፤ ቀስ በቀስ የሚሠራ እንቅስቃሴ እንጂ። ጥብቅ ማሰር ጉዳቱ ወደ ታች ነው፤ መሐሉ የታሰረ አቁማዳ እህሉን ወደ ታች እንደሚገፋ ሁሉ፣ ፊኛንና ማህፀንን ተሸክሞ የሚይዘውን፣ ገና ከምጥ ያልዳነውን ጡንቻ ይጫነዋል። ስታስል ሽንት የሚያመልጣት አራስ ቀበቶዋን ማጥበቅ ሳይሆን መፍታት አለባት። በቀዶ ሕክምና የወለደች ግን ሰፋ ያለ የሆድ ማሰሪያ ስትነሣና ስትራመድ ሕመሟን ሊያቀልላት ይችላል፤ ቁስሉ ደረቅ ሆኖ እንዲጠበቅና ማሰሪያው እንዳይፈትገው ብቻ ነው ጥንቃቄው።

የሕክምና ካልሲ የሚለበሰው ጠዋት፣ እግር ሳያብጥ ነው። ጥንካሬው በሚሊሜትር ሜርኩሪ ይጻፍበታል፤ ከ15 እስከ 20 ያለው ቀለል ያለ ሲሆን፣ ከ20 እስከ 30 ያለውን ሐኪም ቢያዝዘው ይመረጣል። እርጉዝም ሆነች አራስ አንድ እግሯ ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመማት፣ ወይም ፊቷና እጇ በድንገት አብጦ ራሷን ከፈለጣት፣ ነገሩ ከካልሲ አልፏል፤ የደም መርጋት ወይም የደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ጤና ጣቢያ መድረስ አለባት።