ያደረ ሩዝ አይጣልም

ትናንት ከራት የተረፈው ሩዝ የት ደረሰ? ከቆሻሻው ጋር ሄዶ ከሆነ አልፈርድባችሁም፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ልማዴን ያስተዉኝ ለትምህርት ጃፓን ሳለሁ ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት ባልቴት ናቸው።

አንድ ምሽት ራት ጋበዙኝ። ያደረ ሩዝ በሳህን አድርገው፣ ትኩስ አረንጓዴ ሻይ አፈሰሱበት፤ ከላዩ ኡሜቦሺ የሚሉትን በጨው የተዘፈዘፈ ኮምጣጣ ፍሬ ጣል አደረጉ። ስሙ ኦቻዙኬ ነው። ለእንግዳ ያደረ ምግብ! ቅር አለኝ። ስቀምሰው ግን ጣፈጠኝ፤ ሳህኑን ባዶ አደረግኩት።

ኋላ ነገሩን አጫወቱኝ። ባለቤታቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ እጃቸው ግን ዛሬም ሩዝ የሚሰፍረው ለሁለት ሰው ነው። «ልጄ፣ የእሳቸውን ድርሻ እንዴት ልጣል?» አሉኝ። ለካ የቀረበልኝ የባለቤታቸው ድርሻ ነበር። በቅሬታዬ አፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ ከእሳቸው ወጥ ቤት አልጠፋሁም። ቀዝቃዛ ሩዝ እርስ በርሱ ስለማይጣበቅ ከእንቁላልና ከሽንኩርት ቅጠል ጋር ሲጠበስ ቻሃን ይሆናል። ሞቅ አድርጋችሁ በእጃችሁ ጨብጣችሁ፣ ሶያ ሶስ ቀብታችሁ መጥበሻ ላይ ብታገላብጡት ያኪ ኦኒጊሪ ነው። ሰው ሲታመም ደግሞ ሩዙን አለቅልቀው በመረቅ ያፈሉትና እንቁላል ይመቱበታል፤ ዞሱይ ይሉታል።

አንድ ነገር ግን አደራ። የተረፈ ሩዝ ጠረጴዛ ላይ አይደር። በሩዝ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ዘሩ ከመቀቀል ይተርፋል፤ ሩዙ ሳይቀዘቅዝ ከቆየ መርዝ ያመነጫል፤ ያ መርዝ ደግሞ ቢያሞቁትም አይጠፋም። ስለዚህ በሰዓት ውስጥ አቀዝቅዛችሁ ፍሪጅ አስገቡት፤ በማግስቱ ብሉት። ፍሪጅ ሩዙን ያደርቀዋል፤ ለብዙ ቀን ከሆነ ለአንድ ሰው በሚበቃ መጠን ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ብታስቀምጡት ሲሞቅ ልስላሴው ይመለሳል።

ጃፓኖች ሊጠቅም የሚችል ነገር ሲባክን «ሞታይናይ» ይላሉ፤ «ያሳዝናል፣ ባይባክን» እንደማለት ነው። ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ በ2005 እ.ኤ.አ. ጃፓንን ጎብኝተው ቃሉን ስለወደዱት ለዓለም አስተዋውቀውታል። እኛስ ብንሆን ያደረ እንጀራ ፍርፍር ሲሆን መቼ እናፍርበታለን?

እኔ ዛሬም ሩዝ ስሰፍር አንድ እፍኝ እጨምራለሁ። በማግስቱ ብቻቸውን የሚበሉ ጎረቤቴን ጠርቼ አብረን እንበላዋለን። እናንተም ሞክሩት፤ በአጠገባችሁ ብቻውን የሚበላ ሰው አይጠፋም።