ዜሮ ዜሮ ሰባት በመተማ

መተማ ከጓደኞቼ ጋር ከጄምስ ቦንድ ፊልሞች የቀዳነው የራሳችን ቋንቋ ነበረን። ጁዲ ዴንች የሠራቻት የቦንድ አለቃ «ኤም» ትባል የለ? የእኛ «ኤም» ትእዛዝ የማያልቅባት እማዬ ናት። ሞባይል ጠጋኙ «ኪው» ነው። ገላባት ተሻግሮ ሻይ ጠጥቶ መመለስ «ተልእኮ» ይባላል። ቦንድ የመግደል ፈቃድ አለው፤ እኛ ኬላው ላይ መታወቂያችን ከኪሳችን ከተገኘ ተመስገን ነው!

«ሰላይ» የምትለዋን ቃል ግን ማንም አይነካትም። ድንበር ላይ ሰው ታስበላለች። ቦንድን ራሱን «አክተሩ» እንለዋለን እንጂ «ሰላዩ» አንለውም።

ሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ፈነዳ፤ ሰዉ በገላባት በኩል ወደ እኛ ጎረፈ። ቦንድ ማንነቱን ሲጠየቅ ስሙን በኩራት ይጠራል። እዚህ የተጠየቀው ግን ወረቀቱን ካርቱም ጥሎ የወጣ ሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ «ተልእኮ» ስንል ሳቁ ይዘገያል።