ቦታ ሞልቷል

ይህን ለንስሐ አባቴ አልነገርኳቸውም። ደብቄያቸው አይደለም፤ ደብቄም ከሆነ መጀመሪያ የደበቅሁት ከራሴ ነው። አንዲት እናት ልጄን ይዤ ልምጣ ብላ ጠየቀችኝ፣ እኔም ቦታ ሞልቷል ብዬ መለስኩላት። የምንገናኘው መናፈሻ ውስጥ ነው። መናፈሻ አይሞላም።

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ዋሽንግተን አፍንጫ ሥር። ባለቤቴ ነጭ አሜሪካዊ ነው። ልጃችን ሲወለድ ወደ አባቱ አደላ፤ ቀይ፣ ፀጉሩ ሉጫ። ጋሪውን እየገፋሁ ስወጣ እናቱ ናት ብሎ የሚገምት አልነበረም። ፈረንጆቹ በትሕትና “ከጀመርሽ ስንት ጊዜሽ ነው?” ይሉኛል። እሱን ቻልኩት። ያልቻልኩት የሐበሻዋን ነው። ዥዋዥዌው አጠገብ የተቀመጠች፣ የሰው ልጆች የምትጠብቅ ሴት፣ በሙሉ ቅንነት “የኔ እህት፣ በሰዓት ስንት ይከፍሉሻል?” አለችኝ። የእሷ አሠሪዎች ለፋሲካ ፈቃድ እንደማይከለክሏት ነገረችኝ፤ ሥራ ስትሰማ እንድትደውልልኝም ቁጥሬን ልትቀበል ስልኳን አወጣች። “ልጄ ነው” አልኳት። ደነገጠች፣ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔ ግን ቤቴ እስክገባ ፊቴ አልተፈታም። ልጄን ከእኔ ስለነጠለችው ነው የተከፋሁት እል ነበር፤ እውነትነት አለው። ከራሷ ጋር እኩል ስላደረገችኝም ነው። ይቺን ሁለተኛዋን ለራሴ ለመናገር ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

የክልስ ሕፃናት እናቶችን የማሰባሰቡ ሐሳብ የመጣልኝ ከዚያ በኋላ ነው። ለሰው የምናገረው ግን ሌላ ነበር፦ ልጆቻችን የሚመስላቸውን እያዩ ይደጉ። ይህም ውሸት አልነበረም፤ ውሸት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ሐበሻ ያገቡ ነጭ እናቶች መጡ፣ ነጭ ያገቡ ሐበሾች መጡ። አንዷ ነጭ እናት የሴት ልጇን ፀጉር ማበጠር አቅቷት ተቋጥሮ ነበር። ከእኛ አንዷ ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ፀጉሯን በውሃ አርሳ፣ ቅባት ቀብታ፣ ከጫፉ ጀምራ ቀስ እያለች ወደ ላይ ፈታችው። ልጅቷ ድፎ ዳቦዋን እየገመጠች ዝም አለች። እናትየው አንገቷን አስግጋ ትማር ነበር። ያን ቀን ጥሩ ነገር እየሠራሁ እንደሆነ አመንኩ። እየሠራሁም ነበር።

መመዝገቢያ ቅጽም አዘጋጀሁ። የእናት ስም፣ የልጅ ዕድሜ፣ የማይስማማው ምግብ፣ የአባት ዘር። የመጨረሻው ለምን እንዳስፈለገ ማንም አልጠየቀኝም። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ሰው ለራሱ ከአንድ በላይ ዘር እንዲመርጥ ይፈቅዳል። የኔ ቅጽ ላይ መራጯ እኔ ነበርኩ።

ያቺ እናት ሐበሻ ናት። የልጁ አባት ጥቁር አሜሪካዊ። የምትተዳደረው ልጅ በመጠበቅ ነው፤ ከገዛ ልጇ ጋር የምትውለው ቅዳሜን ብቻ ነው። “አብሮት የሚጫወት የለውም፣ የእናንተን ሰምቼ ነው” አለችኝ። ልደውልልሽ ብዬ ዘጋሁ፣ ከዚያ መልእክት ላክሁላት። በዚያው ሳምንት ጣሊያን ያገባች ሌላ ሐበሻ መዝግቤያለሁ።

ያኔ ለራሴ ያልኩት፣ የሷ ልጅ ክልስ አይባልም፣ ጥቁርና ጥቁር ነው፣ ዓላማችን ሌላ ነው። ዓላማ የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። አጠገቤ ብትቆም ማን እናት ማን ሞግዚት እንደሆነ እንደገና ይምታታል ብዬ ፈርቼ ይሆን? “ይሆን” ማለቴ ራሱ ማለሳለስ ነው። ፈርቼ ነው።

ነገሩ የተገለጠልኝ ለእናቶቹ የማደርገውን ንግግር ሳዘጋጅ ነው። ሚልድረድና ሪቻርድ ላቪንግ በ1958 የተጋቡት እዚሁ ዋሽንግተን ነው፤ በአገራቸው በቨርጂኒያ የጥቁርና የነጭ ጋብቻ ወንጀል ነበርና። ተመልሰው ቤታቸው እንደተኙ በሌሊት ተያዙ። እንዳይታሰሩ ለ25 ዓመት ከቨርጂኒያ እንዲወጡ ተፈረደባቸው፤ ወደዚህ ከተማ ተሰደዱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን የሻረው በ1967፣ ጁን 12 ቀን ነው። በየዓመቱ ቀኑን የሚያከብሩ አሉ፣ እኛም እናክብር ብዬ ነበር።

ንግግሬን ላዳብር ብዬ በ1924 የወጣውን የቨርጂኒያ ሕግ ሳነብ ዋልተር ፕሌከር የሚባል ሐኪም ላይ ደረስኩ። እስከ 1946 ድረስ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ኃላፊ ነበር። ማን ነጭ፣ ማን ጥቁር ተብሎ እንደሚጻፍ የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ሊንችበርግ ለምትኖር አንዲት እናት፣ ልጅሽን ነጭ ነው ብለሽ ማሳለፍ አትችዪም፣ ከነጭ ልጆች ጋር እንዳይቀላቀል አድርጊ የሚል ደብዳቤ ጽፏል። በንዴት ወደ ማስታወሻዬ ስገለብጠው፣ “እንዳይቀላቀል” የምትለው ላይ እጄ ቆመ።

የኔ መልእክት ትሑት ነበር፣ ይቅርታ የሚል ቃልም ነበረበት። እሱ ሕግ ነበረው፣ እኔ ስልክ። አንድ ነን ብል በጸጸት ራሴን ማግዘፍ ይሆንብኛል። አንድ አይደለንም እያልኩ ያን ሌሊት ራሴን ማባበሌንም ግን አልረሳሁትም።

ንግግሩን አደረግሁ። ስለ ደብዳቤው ተናገርኩ፣ ስለ መልእክቴ አልተናገርኩም። ተጨበጨበልኝ። ከሁሉም የሚከብደኝ ይሄ ነው፤ የመጀመሪያውን ሳላውቅ ሠራሁት ማለት ይቻል ይሆናል፣ ሁለተኛውን ግን አውቄ ነው።

ኋላ ደወልኩላት። “አሁን ቦታ አለ” አልኳት።

“ያኔም ነበረ እኮ” አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። “የለጠፋችሁትን ፎቶ አይቼዋለሁ። ግማሹ ሜዳ ባዶ ነው።”

ዝም አልኩ። ልጄን ጠየቀችኝ፣ ደህና ነው አልኳት። ቅዳሜንም ሥራ ጨምራበት ነበር፤ ልጇ ከአክስቱ ጋር ይውላል። ይቅርታ አላልኳትም። ብላት ምንም አይደል እንድትለኝ ማስገደድ መሰለኝ። ወይም እሱም ሰበብ ነው፣ አላውቅም።

የአባት ዘር የሚለውን ከቅጹ አውጥቼዋለሁ። አዲስ እናት ስትደውል ግን ስለ ባሏ እስክትነግረኝ መጠበቄን አልተውኩም፤ ስለዚህ ምዝገባውን ለሌላ እናት አስረከብኩ። ለምን ብላ ጠየቀችኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳት።