እራት የማትበላው የእሳት እራት

እንግዳ ሳይበላ ሲሄድ ሆዴን ይበላኛል። ምግብ ቤት ስላለኝ ብቻ አይደለም፤ ያደግንበት ነው። አንዲት እንግዳ ግን ምንም ሳልመግባት ሄዳብኛለች። እሷም የእሳት እራት ናት።

እዚህ ኦበርን፣ ከቤታችን ጀርባ ባለው የበርች ዛፍ ሥር፣ የ10 ዓመቱ ልጄ በኅዳር ወር በደረቀ ቅጠል የተጠቀለለ አውራ ጣት የሚያህል ነገር አገኘ። የዱር ሐር ትል ጎጆ ነበር። ፖሊፊመስ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ክንፉን ሲዘረጋ እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፣ የኋላ ክንፎቹ ላይም ዓይን የሚመስሉ ትልልቅ ነጥቦች አሉት።

እኔ ብርዱ አሳዘነኝና ምድጃው አጠገብ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። በጥር አንድ ማለዳ ወጥታ አገኘናት። ሮጬ ማር በጠበጥኩ፣ እምቢ። ብርቱካን ቆረጥኩ፣ እምቢ። ልጄ መጽሐፍ አገላብጦ መጣና «እማዬ፣ የሚሠራ አፍ እኮ የላትም፤ የምትበላው ትል እያለች ነው» አለኝ።

ክንፍ ካወጣች በኋላ ዕድሜዋ ሁለት ሳምንት አይሞላም። ሥራዋ ወንድ አግኝታ እንቁላል መጣል ብቻ ነው። በጥር ደግሞ ወንዶቹ ገና ጎጆአቸው ውስጥ ናቸው። የምድጃዬ ሙቀት ሰመር የደረሰ አስመስሎ አወጣት። ስድስት ቀን መስኮቱ ላይ ቆይታ ሞተች። ልጄ «ብርዱን ነበር የምትፈልገው» ብሎ አኮረፈኝ።

በዓመቱ ሌላ ጎጆ አገኘን። አሁን ልጄ አለቃ፣ እኔ ረዳት ሆንን። በመረብ ሣጥን አድርገን በረንዳ ላይ ሰቀልነው። በሰኔ ሴት ወጣች። እነሱ የሚጠራሩት በሽታ ነው፤ በማግሥቱ ጠዋት አንድ ወንድ፣ ሽማግሌ እንኳ ሳይልክ፣ መረቡ ላይ ተለጥፎ አገኘነው! እንቁላሎቹ በ10 ቀን ገደማ ተፈለፈሉ። ትሎቹ አራት ጊዜ ቆዳ እየቀየሩ፣ አምስት ስድስት ሳምንት የበርች ቅጠል ሲያወድሙ አንጀቴ ራሰ። እንዲህ ያለ በላተኛ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም።

ልጆች፣ ለማርባት ከፈለጋችሁ ቅርንጫፉን ውሃ ባለው ጠርሙስ አቁሙት፤ ትሎቹ ገብተው እንዳይሰምጡ የጠርሙሱን አፍ በጨርቅ ድፈኑ። ኩሳቸውን በየቀኑ ጥረጉ። ጎጆውን ግን ክረምቱን ሙሉ ውጭ ተዉት።

በሀገራችንም በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የጉሎ ቅጠል የሚበላ የሐር ትል ይረባል። ለልጄ ይህን ስነግረው «ጉሎ ምንድን ነው?» አለኝ። እናቴ ፍሬውን ለምጣድ ማሰሻ ታደርገው እንደነበር አጫወትኩት። ስለ እናቴ ብዙ ጠየቀኝ፤ እስከዚያ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

ዘንድሮ ሰባት ጎጆዎች በረንዳው ላይ ተሰቅለዋል። ማታ ምግብ ቤቱን ዘግቼ ስመጣ፣ ውርጭ ከሆነ እጄ አሁንም «ላስገባቸው» ይላል። ልጄ በመስኮት እያየኝ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል።

ትቻቸው እገባለሁ።